ከዱቄቱ ጀርባ የደበቅሁት ደብተር

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። እህቴ እዚሁ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ፣ በኪራይ ላብራቶሪ አራት ዓመት ለፍታ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የቅባት እድፍ የሚያስለቅቅ ኢንዛይም ሠራች። የተፈጥሮውን ወስዳ እዚህም እዚያም እየለወጠች ስድስት ዓይነት አወጣች። ስድስቱም ይሠራሉ።

አሜሪካ የፓተንት ማመልከቻ ልታስገባ ስትል ካትሌሆንግ ሰፈር፣ ሱቄ ድረስ መጣች።

"ጋሼ፣ ሁሉንም ዘርዝሬ ልጻፍ?" አለችኝ።

እኔ ምኑን አውቄው! እኛ ስፓዛ፣ የሰፈር ሱቅ፣ የምንሠራ ሰዎች፣ ፎርድስበርግ ከየትኛው ጅምላ ሻጭ ዕቃ እንደምናነሳ ለአጎት ልጅ እንኳ አንናገርም። ዛሬ የነገርከው ሰው ነገ ፊት ለፊትህ ሱቅ ይከፍታል።

"አብደሻል እንዴ?" አልኳት። "አንዱን አሳዪያቸው፣ አምስቱን ያዢ። ሆድ ከአገር ይሰፋል!"

ስድስቱን የጻፈችበትን ደብተሯን ተቀብዬ ከበቆሎ ዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ሸሸግሁት። እሷም ለጠበቃዋ አንዱን ብቻ ሰጠች። ማመልከቻው ግን እሱን የሚመስሉት ሁሉ የእኔ ናቸው ይል ነበር።

ዘንድሮ ከአሜሪካ መልስ መጣና ጠበቃው ጠራት። አብሬያት ሄድኩ።

"የገለጽሽው አንድ፣ የጠየቅሽው ግን የኢንዛይሙን መላ ቤተሰብ" አላት። "በጽሑፍ ያላሳየሽውን በእጅሽ ነበር ብለው አያምኑሽም። አሁን ልጨምር ብትዪም አይቀበሉም። እሱን የሚመስሉ ሌሎች አምስት ደግሞ በመሀል ሌላ ኩባንያ አንድ በአንድ ጽፎ አስገብቷል።"

"ሀይቦ!" ብዬ ተነሳሁ፣ የዙሉ ደንበኞቼ ሲገርማቸው እንደሚሉት። የለፋችው እሷ፣ የሚወስደው የጻፈው! ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ጠረጴዛውን ደበደብኩት። ሕጉንም፣ ኩባንያውንም፣ ጠበቃውንም እዚያው ፊቱ ረገምኳቸው። የአራት ዓመት እንቅልፏን ማን ሊመልስላት ነው?

ጠበቃው እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

"አንቺ እነዚህን አምስቱን ከማመልከቻው በፊት ሠርተሻቸው ነበር?"

"አዎ።"

"የተጻፈ ነገር አለሽ?"

"ደብተር አለኝ።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አላመጣሽልኝም?"

ደብተሩ ያን ቀን ጠዋት ሱቁን ስከፍት እንኳ እዚያው ጆንያ ጀርባ ነበር። የጮህኩት ሁሉ በራሴ ላይ ነበር ለካ። እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

አንድ ቀን እንኳ ነገር ረስታ የማታውቅ ልጅ፣ ወደ እኔ ዞር ሳትል፣ "ረስቼው ነው" አለችው።