አበልጄ ሰገነትና የሃይድሮጅን ወሬ

ሰገነት የሞጣ ልጅ ናት። መልኳን ማሞገስ የሌላ ሰው ሥራ ይሁን፤ እኔ አልችልም። እዚያው ሞጣ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ባሌ ሰማው ደግሞ እዚህ ቢቸና ያስተምራል። ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ አንድ መምህር ለሁለቱ አንድ ጥናት ሰጥቶ አጣመራቸው። እግዜር ይይለት!

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ስልክ ነው። እኔ የሰው ቀሚስ እየዘመዘምኩ ጆሮዬ እሱ ጋ ነው። «ሰገነት፣ ቀደም ያለ ይመስለኛል» ይላል። ድምፁ አቤት ሲለሰልስ! ለእኔ «ጨው አንሶታል» ሲል የሚያፈጥ ሰው። እርር ድብን አልኩ።

«ምንድን ነው እሱ የማያልቀው?» አልኩት አንድ ቀን።

ደስ ብሎት ነገረኝ። «ፀሐይም ምድርም ሳይኖሩ ዓለም ጨለማ ነበረች፤ ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ሞልቷት። ኋላ የመጀመሪያዎቹ ኮከቦች በሩና ብርሃናቸው ከሃይድሮጅኑ ላይ ኤሌክትሮኑን ነጠቀው። መቼ ነጠቀው? የምንፈልገው እሱን ነው።»

«ማን ቆሞ አየና?»

«ከዚያ በፊት የተነሳ ብርሃን አለ፤ እስከ ዛሬ ይደርሰናል። በተነጠቁት ኤሌክትሮኖች መሀል ሲያልፍ ይበተናል። ብዙ ከተበተነ ንጥቂያው ቀደም ብሎ ነው፤ ትንሽ ከተበተነ ዘግይቶ። እኔ ዓለም ከተጀመረች አራት መቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ላይ ነው እላለሁ። ሰገነት ግን ይዘገያል ትላለች።»

ሰገነት ትላለች! የኮከብ ንጥቂያ ምን ገዶኝ፤ የእኔን ባል ማን እየነጠቀው እንደሆነ ልቤ አውቆታል።

ያኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ሥላሴ ሰሙኝና ሴት ወለድኩ፤ ሴትን ልጅ ክርስትና የምታነሳት ሴት ናት። ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ገብረ ሕይወት ሄድኩ።

«አባቴ፣ ክርስትና ያነሳችው ሴትና የልጅቷ አባት ቢፈልጉ መጋባት ይችላሉ?»

«በስመ ሥላሴ! አበልጅ ሆኑ እኮ፤ የመንፈስ ዘመዳሞች! እንዴት ተደርጎ?» አሉኝ ተቆጥተው።

መስቀላቸውን ተሳልሜ እየሳቅሁ ወጣሁ። ላነሳ ነው ብላ የተዘጋጀችው እህቴ ወይንእሸት አኮረፈችኝ፤ ታኩርፍ! ልጄ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ሰገነት ከሞጣ መጥታ አቅፋት ቆመች። አቤት ደስታዬ! ከዛሬ ወዲያ ለሰማው እህቱ ማለት ናት፤ ቆለፍኩት አልኩ። እሷ በደስታ እያለቀሰች እኔንም አቅፋ ሳመችኝ። ሞኝ!

ሞኟስ እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ድሮ ስልክ ላይ ብቻ ነበረች፤ አበልጅ ስትሆን ግን ቤቱ ቤቷ ነው። ለጥምቀት መጣች፣ ለፋሲካ መጣች፣ ልጅቷን ጉንፋን ያዛት ሲባል መጣች። ምን ብዬ ልከልክል? ጎረቤት እንኳ አያማቸውም፤ አፉን የዘጋሁት እኔው ነኝ። ዶሮውን ሠርቼ አቀርባለሁ፤ ፈረሰኛውን ለአበልጅ አወጣለሁ። እነሱ ሃይድሮጅናቸውን ያወራሉ። በወሬያቸው መሀል አንድ ቃል ጣል ባደርግ ሁለቱም በትሕትና ዝም ይሉና ይሰሙኛል፤ ከዚያ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ያ ነው የሚገድለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ፦ የዚህ ነገር መልስ የተገኘ ቀን፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ፣ መጀመሪያ ለእኔ ቢነግረኝ።

በ2007 ጥር መጨረሻ ሰማው እየሮጠ ገባ። ፊቱ በርቷል።

«ምን ተገኘ?» መቀሴን ጥዬ ተነሳሁ። «አዲስ ልኬት ወጣ? ቁጭ በልና ንገረኝ እስቲ!»

«ቆዪ ዘርፌ፣ ቆዪ! መጀመሪያ ለአበልጃችን። የኔ ስልክ ሞቷል፣ ያንቺን አምጪ።»

ሰጠሁት። ምን ላድርግ?

«ሰገነት! አምስት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው አሉ የለኩት ሰዎች! ዘግይቷል! አንቺ ያልሽው ነው፤ የኔ ግምት ገደል ገባ!» እያለ ይስቃል። በጨው የሚቆጣ ሰው፣ ተሸንፎ ይስቃል። ቁጥሩን እኔም ሰማሁት፤ ከጎን ሆኜ። እንዳይጋቡ አድርጌያለሁ፤ እንዳያወሩ ማድረጊያ ግን አባ ገብረ ሕይወትም ጋ የለም።

ስልኬን ሲመልስልኝ ግሎ ነበር።

«እሑድ ትመጣለች» አለኝ፤ «ዶሮ ሥሪ።»