ስልኳ እኔ ጋ የዋለ ቀን

ሞባይል አሶሳ በገባ ሰሞን እኔም ሳላስበው ነጋዴ ሆንኩ። ክልሉ ገና አዲስ ነበር። በየአቅጣጫው ቢሮ ይገነባል፣ ከየአገሩ መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ ተመድቦ ይመጣል፣ የመጣውም ሁሉ ቀፎ ይገዛል። መብራት ግን ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፤ ከከተማው ወጣ ካሉማ ጭራሹን የለም። ባሌን ተከትዬ ከወለጋ የመጣሁት እኔ፣ ቤት ተቀምጬ ጣሪያ መቁጠር ሲሰለቸኝ፣ ገበያው ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራየሁና ትንሽ ጄኔሬተር አስገባሁ። ረጅም ጣውላ ላይ የመብራት ማከፋፈያ ደረደርኩ። በየቀፎው ጀርባ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር እለጥፋለሁ፣ ያንኑ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ለባለቤቱ እሰጣለሁ። ቻርጅ ቤት ከፈትኩ ማለት ይኸው ነው።

ዓመት ሳይሞላ ሦስት ሰዎች አይተው ያንኑ ሥራ ከፈቱ፤ አንደኛውማ ፕላስተሩን ሳይቀር ቀዳብኝ። በጣም ተናደድኩ። ሲበርድልኝ ግን አንድ ነገር ጨመርኩ፦ እኔ ጋ የተቀመጠ ስልክ ሲጠራ አነሳለሁ። "ባለቤቱ ገበያ ወጥቷል፣ መልእክት ካለ ልያዝ" እላለሁ፣ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ሰውዬው ሲመጣ አነብለታለሁ። ይህን ከሦስቱ አንዱም አልደፈረውም። ከሆሞሻና ከባምባሲ የሚመጣው ገበያተኛ እነሱን እያለፈ እኔ ጋ ይመጣ ጀመር። ወሬ እወዳለሁ፣ አልክድም። የማን ሚስት እንደወለደች፣ የማን ዝውውር እንደተፈቀደ ከባለጉዳዩ ቀድሜ አውቃለሁ። "አንድም መልእክት አስቀርቼ አላውቅም" ብዬ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር።

ከደንበኞቼ አንዷ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ወጣት መምህርት ናት። የምታስተምረው ከሆሞሻ ወዲያ ባለ ገጠር ነው፤ እዚያ መብራትም ኔትወርክም የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣና ስልኳን እኔ ጋ ትታ ወደ ገበያ ትገባለች። ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሳ እናቷ ጋ ትደውላለች፣ በአሥር ሰዓቱ መኪና ትሄዳለች። ሳምንቱን ሙሉ የምትኖረው ለዚያች አንዲት ስልክ ነበር ብል አላጋነንኩም። እኔ "ቲቸር" እላታለሁ፣ እሷ "እትዬ" ትለኛለች።

አንድ ቅዳሜ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ስልኳ ጠራ። አነሳሁና የለመድኩትን አልኩ።

"አንቺ ማነሽ?" አለ የወንድ ድምፅ።

"ስልኳን ቻርጅ የማደርግላት ነኝ። ምንም አያስቡ፣ ልክ ስትመጣ እነግራታለሁ።"

"አጠገብሽ የለችም?"

"የለችም።"

ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። "ወንድሟ ነኝ" አለ። "እናታችን ሐሙስ ዐረፈች። ቀብረናታል። ሐሙስም ዓርብም ብደውል አይሠራም። ዛሬ ታማለች፣ ነይ ልላት ነበር አሳቤ። እህቴ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ በስልክ እንዳትሰማ። እዚያ አገር ብቻዋን ናት። ያገሯን ሰው ፈልጊልኝና ተሰብስበው በወግ ይንገሯት። አደራሽን፣ አንቺም እንዳትነግሪያት።"

"እሺ" አልኩ። እሱ ተሰናብቶኝ ከዘጋ በኋላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ።

በኛ አገር መርዶ ገበያ መሀል አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ቤት ገብቶ፣ ከግራና ከቀኝ ደጋፊ ቆሞ ነው፤ የሰማው ሰው እንዳይወድቅ። ይህን ሁላችንም ሳንማረው እናውቀዋለን። በከተማው ውስጥ የማውቀው ጎጃሜ አንድ ነበር፤ ለአዲሶቹ ቢሮዎች በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነው፣ የእድራቸው ሰብሳቢም እሱ ነው። ቶሎ ብዬ ደወልኩለት። ከፊቴ ጣውላው ላይ አሥራ አራት ቁጥር ጮኸ። ጠዋት እኔው ራሴ ፕላስተር የለጠፍኩበት ስልኩ ነው። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ" ብሎኝ ሄዷል፤ ዛሬ የትኛው ሕንፃ ላይ እንደሚውል አልጠየቅሁትም። ያገሩን ሁሉ ስልክ ሰብስቤ ይዤ ለማን ልደውል?

ጄኔሬተሩን ላጠፋ፣ በሩን ዘግቼ ልፈልገው ስነሳ መምህርቷ ብቅ አለች። ከልማዷ ቀድማ። ሳታየኝ ባትሪውን ከቀፎዋ ነቅዬ ጣውላው ላይ ከነበረው ጋዜጣ ስር ሸጎጥኩት።

"እትዬ፣ ሞላልኝ?"

"ኧረ ምኑ! ባትሪሽ አስቸገረኝ፣ አልይዝ ብሎ። ትንሽ ልሞክረው።"

"እጠብቃለሁ" አለችና በርጩማዬን ስባ ተቀመጠች። እኔ ከዚያች ክፍል ከወጣሁ እሷ ራሷ ስልኳን ታነሳለች። ካልወጣሁ ሰው አላገኝም።

እሷ ደግሞ የዚያን ቀን ደስ ብሏት ነበር። ከቦርሳዋ የሱዳን ጨርቅ አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው፤ ብርቱካንማ ላይ ጥቁር አበባ ያለበት። "ለእናቴ ነው። ዛሬ ልነግራት ነው፤ ክረምት ሲገባ ይዤላት እሄዳለሁ። ይደምቅባታል እንዴ? እንዳታሾፍብኝ ፈርቻለሁ፣ ንገሪኝ እስቲ።"

"ያምርባታል" አልኩ። ይህች ቃል ከአፌ እንዴት እንደወጣች እኔም አላውቅ። አልቅሼ ብገላገል ደስ ባለኝ።

ከዚያ የእናቷን ወሬ ጀመረች። እናቷ ስልክ መዝጋት አያውቁም አሉ። "ደህና ዋይ" ብለው ከተሰናበቱ በኋላ ቀፎውን እንደተከፈተ መደብ ላይ ያስቀምጡታል፤ እሷም ካርዷ እስኪያልቅ ዝም ብላ ትሰማለች። ዶሮ ሲያባርሩ፣ ከጎረቤት ጋር ሲጨቃጨቁ፣ "ልጄ ነበረች፣ ድምፅዋ ከሳብኝ" ብለው ሲያሟት። "ድምፅ ይከሳል እንዴ እትዬ?" ብላ ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሳቄንም በሳል ሸፈንኩት።

ሰባት ሰዓት ሲያልፍ ትዕግሥቷ አለቀ። "በቃ ባንቺ ስልክ ልደውል፣ ቁጥሯን በቃሌ አውቀዋለሁ።"

"ካርድ የለኝም።"

ሮጣ ወጥታ ካርድ ገዝታ መጣች። "ይኸው፣ ሙይው።" ፋቅሁትና ቁጥሩን ሆን ብዬ አሳስቼ አስገባሁ። ደግሜ አሳሳትኩ። "አይቀበልም" አልኳት። ካርዱን ከእጄ ልትወስድ ስትል ኪሴ ከተትኩትና "ቆይ፣ ኔትወርኩ ይሆናል" አልኩ። ጣውላው ላይ ግን የሌሎቹ ስልኮች ተራ በተራ ይጮሃሉ። አንዱን ሳላነሳ ቀረሁ፣ ሁለተኛውንም። ገርሟት አየችኝ። ሙቀቱ፣ የጄኔሬተሩ ጩኸት፣ የቤንዚኑ ሽታ አንድ ላይ ሆነው ያቺ ክፍል ጠበበችብኝ። ወንድሟን ረገምኩት፤ አናጢውን ረገምኩት፤ ከሁሉ በላይ ያንን ስልክ የማንሳት ብልጠቴን ረገምኩ። ማን አንሺ አለኝ?

መምህርቷ ውኃ ልትጠጣ ወደ ሻይ ቤቱ ብቅ ስትል፣ ደጄ ላይ ደረቅ ባሚያ የሚሸጡት የበርታ ብሔረሰብ እናት አንገታቸውን አስገቡ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ እኔን እንደ ልጃቸው የሚቆጡኝ ሴት ናቸው፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም።

"አንተ ምን ሆነ? ፊትህ ጠፋ።"

አልቻልኩም፣ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ጸሎት ነው። ከዚያ ግን ተቆጡኝ። "ታዲያ ንገር! እናት የሱ ነው፣ ያንተ አይደለም። ለምን አንተ ይዞ ይቀመጣል?"

"የኛ ወግ ነው እማማ። አደራ ተቀብያለሁ።"

"ወላሂ እኔ አልገባም። ልጁ ይስቃል፣ አንተ ታያለህ። ይሄ ጥሩ ነው?"

ባሚያቸው ጋ ተመለሱና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ።

አናጢው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የመጣው፤ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ። መምህርቷ በርጩማው ላይ ነበረች። ሰላም ብሏት ወረቀቱን ሲሰጠኝ ክንዱን ይዤ ወደ ውጭ ጎተትኩት። በሩ ጥግ፣ ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ክው አለ። "ግማሽ ሰዓት ስጪኝ፣ ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ። እንዳትለቂያት" አለኝና እየሮጠ ሄደ።

ስመለስ ባትሪውን ከጋዜጣው ስር አግኝታ ቀፎዋ ውስጥ ከታዋለች። ስልኩ በርቷል። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቷል።

እኔን አልተመለከተችም፣ ስልኩን ነው የምታየው። ደዋዮቹ የሚመዘገቡበት ቦታ ላይ ነበረች። የወንድሟ ስም፣ አምስት ሰዓት ተኩል፣ አራት ደቂቃ። ያ ወንድሟ ሚስድ ኮል እንጂ ደውሎ አያውቅም፤ እሷው ነበረች ሁልጊዜ መልሳ የምትደውልለት። እኔም ይህን አውቃለሁ፣ ስንቴ በደብተሬ ጽፌዋለሁ። አራት ደቂቃ ሙሉ ከኪሱ አውጥቶ አውርቷል፣ ያወራው ደግሞ ከኔ ጋር ነው።

ቀና አለች። ፊቷ ላይ ደም የሚባል አልቀረም።

"እትዬ፣ መልእክት አለኝ?"

የዚያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ወንድሟ በእግዚአብሔር ስም ለምኖኛል፤ ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ናቸው፤ እሷ ደግሞ ፊቴ ላይ ሁሉንም አንብባ ጨርሳለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

"የለም" አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። ማንንም አልጠራችም፣ አልደወለችም፣ አልጮኸችም። የሱዳኑን ጨርቅ በጥንቃቄ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ያደረገችውን ማመን አቃተኝ፦ ስልኩን አጠፋች፣ ባትሪውን ነቀለች፣ ቀፎውን ጣውላው ላይ ባትሪውን ጋዜጣው ስር እኔ አስቀምጬው እንደነበረው አድርጋ መለሰች። እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ በሩን እያየች ተቀመጠች። አጠገቧ ቆምኩ። የአሥር ሰዓቱ ሚኒባስ ወደ ሆሞሻ እየጮኸ ሲወጣ ሁለታችንም ሰማነው። ያን ያህል ረጅም ግማሽ ሰዓት በሕይወቴ አላሳለፍኩም።

አናጢው ሁለት ሽማግሌዎችና ሚስቱን ይዞ ገባ። ጄኔሬተሩን አጠፋሁ። ከግራና ከቀኝ ቆሙላት። ትልቁ ሽማግሌ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ፈጣሪ ፈቃድ ዙሪያውን ሲሄዱ እሷ ምንም እንደማያውቅ ሰው ዓይን ዓይናቸውን እያየች አዳመጠቻቸው። ሲጨርሱ ተነሳች። የጮኸችው ጩኸት ግን የማስመሰል አልነበረም። ውጭ ያለው ገበያ ጸጥ አለ። የአናጢው ሚስት አቅፋ ያዘቻት።

ትንሽ ቆይተው ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ብፅዕት ነሽ" አሉኝ። "ቀኑን ሙሉ ችለሽ በወጉ እንድትሰማ አደረግሽ። አደራ ጠባቂ ማለት እንዲህ ነው።" ሁሉም ወደኔ ተመለከቱ። አንገቴን ደፋሁ።

መምህርቷ በእንባ መሀል ቀና አለች። "አዎ" አለች፣ "እሷ ምንም አልነገረችኝም።"

ሽማግሌዎቹ ምስጋና መስሏቸው መረቁኝ። ይዘዋት ሊወጡ ሲሉ ተንገዳገደች፤ ከሁሉም የምቀርባት እኔ ነበርኩና ልደግፋት እጄን ዘረጋሁ። ክንዷን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ እኔን አልፋ፣ ወደ አናጢው ሚስት ዞረች።