ከሩጫ መልስ እትዬ ከድጃ ቤት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ጉንፋን ይዟቸው የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲያስቀቅሉ፣ እንፋሎቱ በአጥሩ ዘልቆ ግቢያችንን ሞላው። ለሌላው ሰው ያ ሽታ የጉንፋን ነው። ለእኔ ግን የደከመ እግር ሽታ ነው፤ እትዬ ከድጃን ይዞልኝ መጣ።

እትዬ ከድጃ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ ጎረቤታችን ነበሩ። ደልደል ያሉ፣ ሳቂታ፣ አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ ቢጫ ሜትር የሚያንጠለጥሉ ሴት። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ሸቀጥ ይዘው ከገበያ ገበያ በእግር ዞረዋልና፣ እግሩን ያመመው ሰው ሲያዩ ዝም ብለው አያልፉም።

እኔ ያኔ ለትምህርት ቤታችን እሮጥ ነበር። በየማለዳው ወደ ጋፋት የሚወስደውን መንገድ ሮጬ ስመለስ፣ ደጃፋችን ካለው ድንጋይ ላይ ዘፍ እላለሁ። የዞኑ ውድድር ሲቃረብ ጭራሽ ከሰዓትም ጨመርኩበት። በመጨረሻ ባቴ እንደ እንጨት ደርቆ ቁልቁል መራመድ አቃተኝ። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ማረፍ የሚባል ነገር አይታወቅም፤ እናቴ ጎህ ሲቀድ ተነስታ እስክትተኛ ድረስ አረፍ ስትል አይቻት አላውቅም። እኔም ጥርሴን ነክሼ፣ እያነከስኩ መሮጤን ቀጠልኩ።

አንድ ጧት እትዬ ከድጃ ወደ ሱቃቸው ሲወጡ ድንጋዩ ላይ አገኙኝ።

«ተነሽ፣ ልጄ! ከሩጫ መጥተሽ እንዲህ ድርቅ ብለሽ አትቀመጪ!»

እጄን ይዘው እስከ መስጊዱ ድረስ ቀስ እያሉ አራመዱኝ። ከዚያ ቤታቸው አስገብተው በሶ በጥብጠው አጠጡኝ፤ እግሬንም የባሕር ዛፍ ቅጠል የተቀቀለበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስነከሩኝ።

«እስኪሻልሽ ሩጫ የለም» አሉኝ።

«እትዬ፣ ካረፍኩ እኮ ይቀድሙኛል!» እንባዬ መጣ።

«ማሳ እንኳ ጦም ያድር የለም እንዴ? በላይ በላዩ ቢያርሱትማ ምን ያበቅላል?»

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ወንዛዬ ፍል ውኃ ይዘውኝ ሊሄዱ ተነሱ። እናቴንም፣ «ጉልበቴን አሞኛል፤ ደጋፊ ያስፈልገኛል» ብለው አብራን እንድትመጣ አሳመኗት። ሐሙሲት ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ ሄድን። ሴቶች ከሚታጠቡበት ስንገባ እናቴ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ቆማ ልብሳችንን ስታጣጥፍ ቆየች። እትዬ ከድጃ ጎትተው አስገቧት። እስከ አንገቷ ጠልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በረጅሙ «እሰይ!» አለች። እናቴ እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሦስታችንም ጣታችን እስኪጨማደድ ድረስ አልወጣንም።

በውድድሩ አራተኛ ወጣሁ። ሜዳሊያ አልነበረውም። ግን በመጨረሻው ዙር ሁለት ልጆችን ሳልፍ እግሬ የእኔ አይመስልም ነበር፤ እንዲያ ቀሎኝ ሮጬ አላውቅም። መስመሩን አልፌ ልወድቅ ስል፣ ከተመልካቹ መሀል የእትዬ ከድጃ ድምፅ «እንዳትቀመጪ!» ብሎ ሜዳውን አናጋው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ ተራመድኩ።

እትዬ ከድጃ ካረፉ ቆይተዋል፤ ሱቃቸው ዛሬ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። እናቴ ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ፣ አመሻሹ ላይ ሥራዋን አቁማ እግሯን ጨው ባለበት ሙቅ ውኃ ትነክራለች። ያን ጊዜ በር ቢንኳኳ እንኳ ንቅንቅ አትልም።

«እኔ አልነሳም» ትላለች፣ «እናንተ ክፈቱ።»