ከዛፍ ያልወረደችው ጦጣ

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ሰው ሁሉ ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኖ ላይቭ መግባት በጀመረበት ሰሞን። ዛሬም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በገዛ አፌ ራሴን "አላውቃቸውም" ያልኩበት ቀን ነው።

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ልጄ ሰናይት የቅመማ ቅመም ሱቅ አላት። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው። ተረት ግን አላጣም። ሰናይት "እዚህ የተወለዱት ልጆች አማርኛ ካንቺ ይማሩ" ብላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ በፌስቡክ ተረት ታስነግረኝ ጀመር።

"ሶ እማዬ፣ ኮንሲስተንት መሆን አለብሽ። አንድ ቅዳሜ ከዘለልሽ ልጆቹ ይበተናሉ" አለችኝ።

ቃሉን አላውቀውም። ስታስረዳኝ ግን እንደ ፆም ነው ማለት ነው አልኩ፤ ከያዙት አይገድፉትም።

"ተረት ተረት" ስል ልጆቹ ከየቤታቸው "የላም በረት" ብለው ይጽፋሉ። ሁልጊዜ ቀድማ የምትመልስ አንዲት ነበረች። ስም የላት፣ ፊት የላት፤ በፎቶው ቦታ ቀይ አበባ ብቻ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። እያደር ግን ከነከነኝ። በማለዳ ስልክ ላይ አፍጥጦ እኔን የሚጠብቅ ምን ሥራ ፈት ነው?

ለጎረቤታችን ለእትዬ ወርቄ ብነግራት አባሰችው። "ፊቱን ሸፍኖ የሚወድሽ ምን ፈልጎ ነው? ኖርዝ ሆሊውድ አንዷን በዚሁ ፌስቡክ ተከታትለው ቤቷን ባዶ አስቀርተውላታል።"

አንድ ቅዳሜ፣ መቼም ወሬ እወዳለሁ፣ ከጦጣና ከጅብ ተረቴ ወጥቼ ስለ ጉልበቴ፣ ከዚያ ስለ አገር ቤት ጎረቤቴ ፍየል ሳወራ ሰዓቱ አለቀ። ጦጣዋን ዛፍ ላይ፣ ጅቡን ከሥሯ ትቼ "ቀሪውን በሚቀጥለው ቅዳሜ" አልኩ። ያኔ ባለ አበባዋ ጻፈች። ሰናይት አነበበችልኝ፤ "ሱቁ ዛሬ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው?"

ሱቅ መሆኑን ማን ነገራት? ዞር ብል ከኋላዬ የበርበሬው ጆንያ፣ በመስኮቱም የመንገዱ ታፔላ ወለል ብሎ ይታያል።

"በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልናገርም።"

"እማዬ፣ ደንበኛ ይሆናል እኮ።"

"ደንበኛ ፊት አለው።"

ተረቱን ተውኩት። ሁለት ቅዳሜ አለፈ። በሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰናይት ዕቃ ልታመጣ ጋርዴና ሄዳ ብቻዬን ሳለሁ፣ አንድ ታክሲ በራችን ላይ ፓርክ አደረገ። ሹፌሩ፣ ጎልማሳ ሰውዬ፣ ወረደ፤ ግን አልገባም። በመስታወቱ አጮልቆ እኔን አየ፣ ስልኩን አየ፣ መልሶ እኔን አየ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ።

ገብቶ እጅ ነሳ። "እማማ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተረት የሚነግሩት እናት እዚህ ናቸው?"

"አላውቃቸውም" አልኩ። "የዚህ ሰፈር ሰው አይደሉም።"

ጃኬቱን ይዛ ከኋላው የቆመች ትንሽ ልጅ ነበረች፤ እኔም አላየኋት፣ እሷም አላየችኝም። ድምፄን ስትሰማ ብቅ አለችና "የላም በረት" አለች።

ነጠላዬን ከአፌ ላይ አወረድኩ።

ሰውዬው አቀርቅሮ ነገረኝ። ከእናቷ ጋር ተለያይተዋል፤ ልጁን የሚያገኛት ቅዳሜ ብቻ ነው። ጠዋት ታክሲው ውስጥ ሆነው ያዳምጡኛል፤ መልሱን እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። አበባውን የሳለችው እሷ ናት። ሱቁን የጠየቀውም ሊያመጣት ፈልጎ ነበር።

"እማማ፣ ጦጣዋ አልወረደችም ብላ መከራዬን አሳየችኝ" አለ። "እኔው ጨረስኩላት። 'እማማ እንደዛ አላለችም' አለችኝ።"

"ምን ብለህ አወረድካት?"

"ፖሊስ መጥቶ ጅቡን ወሰደው ብዬ።"

"እውነቷን ነው" አልኩት። እዚያው የሽሮው ጆንያ ላይ አስቀምጫት ጦጣዋን በወጉ አወረድናት።

ዛሬም ሰው ቶሎ አላምንም። ከኋላዬ መጋረጃ አሰቅያለሁ። ቅዳሜን ግን ከዚያ ወዲህ አልገደፍኩም። "ተረት ተረት" እልና እጠብቃለሁ። አበባዋ ከዘገየች ሰናይት "እማዬ ቀጥይ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው" ትለኛለች። አልቀጥልም። እናቷ ከልክላት ይሆን? አባትየው ምን ሆኖ ነው? እያልኩ ደግሞ እጠረጥራለሁ። እሷ "የላም በረት" ሳትለኝ ተረቱ አይጀመርም፤ ጅቡም ከጉድጓዱ አይወጣም።