ሶፋም ድምፅም በበር ሲገቡ

ሶፋ ሰሪው በሰፈሩ የሚታወቀው በሶፋው ሳይሆን በሽቦው ነበር። ከሱቁ ጣሪያ የተነሣው የመዳብ ሽቦ የውኃ ታንከሩን ዞሮ፣ የጎረቤቱን ዛፍ ተደግፎ፣ ተመልሶ ጓሮው ውስጥ ይገባል። የሰፈሩ ወፍ ሁሉ ስብሰባ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። “ትንሽ ቢቀጥልበት ሽቦው ባሕር ተሻግሮ እህቱን በእጇ ይዞ ያመጣታል” ይሉታል ወሬኞች። የወጣለት ስምም “ጋሽ አንቴና” ነው።

እህቱ ባሕር ማዶ ባለ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ጣቢያ፣ በራሳችን ቋንቋ ዜና ታነባለች። እናታቸው ስትሞት አፍንጫውን እየጠረገች፣ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈች ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬ ጸጉሩ ሸብቶም “ማሙሽ” ማለቷን አልተወችም። እሁድ ከሰዓት በኋላ አንብባ እንደጨረሰች ትደውላለች።

“ተሰማሁ?”

“እንዴታ እታለም! እዚህ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለሽ የምታወሪ ነው የሚመስለው!”

እውነቱን ለመናገር ከሬዲዮው የሚወጣው ሽንኩርት ሲጠበስ የሚሰማው ድምፅ ነበር። በጥብሱ መሀል አልፎ አልፎ ሳል የመሰለ ነገር ብቅ ሲል ሶፋ ሰሪው “እሷ ናት!” ብሎ ፊቱ ይበራል። ልጅ ሆኖ እህቱ ያሳረረችውን ምግብ “ጣፈጠኝ” እያለ ያደገ ሰው ነው፤ ልማድ ሆኖበት ዓመታት እንዲሁ አለፉ።

አንድ ቀን ግን ያለወትሮዋ በሥራ ቀን ደወለች።

“ማሙሽ፣ ጡረታ ልወጣ ነው። የፊታችን እሁድ የመጨረሻዬ ነው። ከዜናው በኋላ ላንተ የምናገረው ነገር አለ። ከዚያ ደውዬ ምን እንዳልኩ እጠይቅሃለሁ።”

ሶፋ ሰሪው ከንፈሩ ላይ የያዛቸውን ምስማሮች ሊውጣቸው ምንም አልቀረው።

“እውነቱን ንገራታ!” አለችው ሚስቱ።

“ይኸን ሁሉ ዓመት ስዋሽሽ ኖርኩ ልበላት? በጡረታዋ ዋዜማ?”

ስለዚህ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ መሰላል አቁሞ ጣሪያው ላይ ወጣና ሽቦውን ማስረዘም ጀመረ።

“አንተ ሰውዬ፣ አሁንስ የቀረህ የልብስ ማስጫዬ ነው!” አለች ሚስቱ ከታች።

“እሱንም ሳላስብበት ቀርቼ መሰለሽ?”

በዚህ መሀል ወንበራቸውን ሊያስጠግኑ የሰጡት ጡረተኛ የስልክ ሠራተኛ መጡ። ወንበራቸው እንደተራቆተ ቆሟል፤ ጠጋኙ ጣሪያ ላይ ነው።

“ምን ትሠራለህ እዚያ?”

“ድምፅ እየጨመርኩ ነው ጋሼ!”

ጉዳዩን ከሚስትየው ከሰሙ በኋላ ሽማግሌው ሽቦውን በዓይናቸው ተከትለው አንገታቸው ደከመ። “ና ውረድ! ድምፁማ ጣሪያህን ሞልቶታል፤ መግቢያ አጥቶ ነው እንጂ። ለመሆኑ ባለ ሦስት ሰው ሶፋ በበር አልገባ ሲል ምን ታደርጋለህ?”

“አዞረዋለሁ።”

“አታስረዝመውም?”

“ኧረ ጋሼ፣ ምን ነካዎት!”

“ታዲያ አንተ ይኸው ስንት ዘመንህ ሶፋ ስታስረዝም! ረጅም ሽቦ የሚያመጣው ብዙ የኤሌክትሪክ ግፊትና ትንሽ ፍሰት ነው። ወደ ሬዲዮው የሚወርደው ገመድ የሚፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን። አይስማሙም፤ አብዛኛው ከደጅ ይመለሳል። መሀላቸው የሚያዞር ነገር ያስፈልጋል።”

በነጋታው ከአሮጌ ዕቃቸው መሀል ፈልገው ያገኙትን፣ ፌራይት ከሚባል ማግኔት የሚስበው ሸክላ የተሠራ ጥቁር ቀለበትና አንድ ጥቅል ቀጭን የመዳብ ሽቦ አመጡለት፤ ቀለበቱ ክብ ብስኩት ያህላል። “ሁለት ጥምጥም ትጠመጥምበታለህ። የትልቁ ዙር የትንሹን ሦስት እጥፍ ይሁን። የትልቁ አንድ ጫፍ ለአንቴናው፣ ሌላው መሬት ለተቀበረ ብረት። ትንሹ ለገመዱ። በቃ!”

ሶፋ ሰሪው ሽቦውን እንደ ሙሽራ ወንበር ጨርቅ ተጠንቅቆ ቀለበቱ ላይ ጠመጠመው፤ ጫፎቹንም እንደተባለው አሰረ። እሁድ ደረሰ። ሽማግሌው ስፕሪንጉ በወጣው ወንበራቸው ላይ በጎን ተቀመጡ። ሬዲዮው ተከፈተ።

ጸጥ። ሽንኩርቱ እንኳ መጠበሱን አቆመ።

“ገደልኩት!” አለ ሶፋ ሰሪው ላብ እያጠመቀው።

ሚስትየው ቀለበቱን አንሥታ የሽቦውን ጫፍ በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገች። “ይሄ ሽቦ የጥፍር ቀለም ተቀብቷል እኮ!”

ሽማግሌው ግንባራቸውን መቱ። “ቫርኒሹ! እሱማ ምንም አያሳልፍም። ጫፉን ሳትፍቅ ነው ያገናኘኸው?”

“ፋቅ አላሉኝማ!”

“ሶፋ ስታስገባ በሩን ክፈት ብሎ የሚነግርህ ሰው አለ?”

ሚስትየው ክርክሩን አልጠበቀችም። ከቦርሳዋ የጥፍር ሞረድ አውጥታ ጫፎቹን አንድ በአንድ እስኪያብረቀርቁ ፋቀቻቸውና “በል እሰር” አለችው።

ከዚያ ድምፅ መጣ። የመጣውም በእግሩ አይደለም፣ በሠረገላ ነው! ቤቱን ሞላው፤ መዶሻው ከመደርደሪያው ላይ ሳይደነግጥ አልቀረም። አንዲት አፍንጫዋ የታፈነ ሴት ስለ ስንዴ ዋጋ እያነበበች ነበር። ሶፋ ሰሪው ስለ ስንዴ ሰምቶ የሚያለቅስ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ዜናው አለቀ። “አሁን ለታናሽ ወንድሜ” አለች። “ይኸን ሁሉ ዓመት ‘ጥርት ብለሽ ተሰማሽ’ ይለኛል። አንድ እሁድ ጉሮሮዬን ታምሜ ሌላ ሰው አነበበልኝ። ልነግረው ስደውል፣ ገና አፌን ሳልከፍት ‘ዛሬማ ድምፅሽ ማር ነበር’ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደማይሰማኝ አውቃለሁ። ግን የማይሰማኝን ሊሰማ በየሳምንቱ ሬዲዮ ሥር የሚቀመጥልኝ ሰው እንዳለም አወቅሁ። እዚህ ባዶ ክፍል ውስጥ ያስነበበኝ እሱ ነው። ማሙሽ፣ አመሰግንሃለሁ። ዛሬም ባይሰማህ ግድ የለም።”

ሽማግሌው መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ። ስልኩ ጮኸ።

“ማሙሽ? ምን አልኩ?”

ሶፋ ሰሪው ስልኩን እንደያዘ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

“አልሰማህም፣ አይደል? ግድ የለም፣ የኔ ልጅ…”

“ማር አልነበረም እታለም” አለ እንደምንም። “አፍንጫሽ ታፍኗል። የሚኒስትሩንም ስም ሁለቴ ተሳስተሻል።”

ከባሕር ማዶ ሬዲዮ የማያስፈልገው ጩኸት መጣ፦ “ወይኔ! ሰማኸኝ! በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም!”

በማግስቱ የሽማግሌው ወንበር፣ ሶፋ ሰሪው ለራሱ ቤት ብሎ ሲሳሳለት የኖረውን ቬልቬት ለበሰ። ትርፉ ሽቦ ከዛፉና ከታንከሩ ወርዶ ለሚስቱ ሁለተኛ የልብስ ማስጫ ሆነ፤ ካስማውንም ራሱ ተከለላት። ወፎቹ አቤቱታ አቅርበዋል ይባላል።