የገፋሁት መኪና

ልጄ ዓይኗን ታማ ደሴ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራት። ሐኪሙ ከሰዓት ስለማይገባ፣ በእግሬም ቢሆን አደርሳታለሁ ብዬ ከሐይቅ ከተማ ስወጣ ሚኒባስ ጠፋ። ደግነቱ አንድ የማናውቀው ወጣት አዲስ መኪናውን አቁሞ በነፃ አሳፈረን።

ጥቂት እንደሄድን ከብት መንገዱን ዘጋውና ስንቆም ሞተሩ ጸጥ አለ። በሰው መኪና በነፃ ተሳፍሮ፣ ሲበላሽ ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው። ወረድኩና ከኋላ ሆኜ «ቢስሚላህ» ብዬ ገፋሁ። ንቅንቅ አላለም። ደክሞኝ ተመልሼ በሩን ስዘጋ ግን ሞተሩ ተነሳ። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

መንገድ ሠሪዎች ሲያስቆሙን ደግሞ ጠፋ። ደግሞ ወርጄ ገፋሁ። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ «አብሽሩ እናቴ፣ አይቸኩሉ» ይለኛል። ባትሪው ደክሞበት አፍሮ ነው ብዬ አዘንኩለት። ደሴ መግቢያ ላይም እንዲሁ ሆነ፤ አሁንም ወርጄ ገፋሁ።

በሰዓቱ ደረስን። ወጣቱ ቀድሞን ገብቶ ከአንዲት ነርስ ጋር ሲንሾካሾክ ቆየና ተመለሰ።

አመስግኜው ሳበቃ፣ «ልጄ፣ ባትሪህን ቀይር፤ ሁልጊዜ የሚገፋልህ አታገኝም» አልኩት።

«ሊገፉ ነበር የሚወርዱት?» አለ ደንግጦ። «ባትሪውማ ጤነኛ ነው። መኪናው ሲቆም ሞተሩን ራሱ ያጠፋል፤ ፍሬኑን ስለቀው ራሱ ያስነሳል። ነዳጅ እንዲቆጥብ ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

አቀረቀረ። «ሽንት የሚያስቸግርዎት መስሎኝ አፍሬ ነው። አሁን ነርሷን ለምኜ ኩላሊት ሐኪም ዘንድ ወረፋ አስይዤልዎታለሁ።»