ለዘይነባ የነገርኋት ፍች

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ገበያ፣ የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ነጋዴው አቡጀዲውን በክንዱ ለካ፤ ጫፉን በመቀስ ነካ አደረገና በሁለት እጁ ይዞ ቀደደው። ያ ረጅም የጨርቅ ድምፅ፣ ከሱም ጋር ያ ዱቄት ዱቄት የሚለው የአዲስ አቡጀዲ ሽታ አንድ ላይ ሲመጡብኝ እጄን ባንኮኒው ላይ አስደግፌ ቆምሁ።

«ምነው፣ አመመዎት?» አለኝ ነጋዴው።

«ጅጋ ጨርቅ ትሸጥ የነበረች ዘይነባ የምትባል ሴት ያውቃሉ?» አልሁት።

«የሰይድ ሚስት? ቡሬ ከገቡ ስንት ዘመናቸው! እሷ እንኳ አምና ሞተች፤ አላህ ይዘንላት። ሱቁን ልጇ ሐያት ናት የያዘችው።»

ጨርቁን ተቀብዬ ወጣሁ። እቤቴ እስክደርስ አንድም ሰው ሰላም ያልሁ አይመስለኝም።

ዘይነባን ያወቅኋት ጅጋ ሰባተኛ ክፍል ስንማር ነው። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እሷ ወደ ሠላሳ ትጠጋለች። ከስድስተኛ ክፍል አውጥተው ድረዋት፣ ከስንት ዓመት በኋላ ባሏን አስፈቅዳ መመለሷ ነበር። የመጀመሪያ ቀን በሩን ከፍታ ስትገባ አዲስ አስተማሪ መስላን ስድሳችንም ብድግ አልን። ከራሷ ሱቅ ጨርቅ ያሰፋችው ሰማያዊ ዩኒፎርም ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ይወርዳል፤ ሻሿ ነጭ ነው። «ኧረ ቁጭ በሉ! እኔም እንደናንተው ነኝ» ብላ ሳቀች።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መምህር አለሙ እኔ አጠገብ አስቀመጣት። በእንግሊዝኛ ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነበርሁ። «እትዬ» ስላት «ተይ፣ ዘይነባ በይኝ። የክፍል ጓደኛሽ አይደለሁም እንዴ?» አለችኝ። በእረፍት ሰዓት እየሮጠች ሱቋ ትሄድና፣ እጀጌዋ ላይ የጨርቅ ክር ተጣብቆ ትመለሳለች። ለሦስት ተማሪ አንድ የነበረውን መጽሐፍ እኔ ነበርሁ ቤት የምወስደው። ያልገባትን ቃል ሁሉ ትጠይቀኛለች፤ እነግራታለሁ፤ በቀን መቁጠሪያ ወረቀት በለበጠችው ደብተሯ ላይ አሳምራ ትጽፈዋለች። በዚያ ዓመት የማውቀውን ሁሉ ሰጥቻታለሁ ብል ውሸት አይሆንም። እስከዚያች ቀን ድረስ።

ሰኔ ሊገባ ሲል መምህር አለሙ ደብተር አየ። የእኔ ቀለም የፈሰሰበት፣ ጆሮው የታጠፈ፣ የቤት ሥራው ግማሽ ነበር። በአንድ እጁ የእኔን፣ በሌላው የዘይነባን አንሥቶ ለክፍሉ አሳየ።

«ይቺ ሴት ቤት አላት፣ ሱቅ አላት፣ ልጆች አሏት» አለኝ። «አንቺ ምን አለብሽ? ደብተሯን እዪና እፈሪ!»

ዘይነባ ከዴስኩ ሥር እጄን ያዘችና «አይዞሽ፣ ለክፉ አይደለም የተቆጣሽ» አለችኝ በሹክሹክታ። እጄን መነጨቅሁ። ከቁጣው ይልቅ ማባበሏ ነው ያንገበገበኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ለትምህርት መዝጊያው በዓል ሦስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እንድትናገር ተመረጠች። በየዓመቱ ይህን የምናገር እኔ ነበርሁ።

«ባንቺ» አለችኝ፤ ባንቺአምላክን አሳጥራ ነበር የምትጠራኝ። «ሰዎች ላመሰግን ነው። ‹ታንክ ዩ›ን ሕፃኑም ያውቀዋል። ከፍ ያለ ቃል ፈልጊልኝ።»

ከመጽሐፉ ኋላ ካለው የቃላት ዝርዝር ገና ያልደረስንበትን አንብቤ ነበር። አንዱ ‹ስኮልድ› ይላል፤ ፍቹ መቆጣት፣ መገሠጽ።

«‹ስኮልድ› በይ» አልኋት። «በጣም ማመስገን ነው።»

አገባቡን በትክክል አስተማርኋት፤ መጀመሪያ ሰውዬው፣ ቀጥሎ ‹ፎር›፣ ከዚያ ምክንያቱ። የዋሸሁት ፍቹን ብቻ ነው። ቃሉን ደጋግማ አለችው፤ ስትጽፈውም ከሥሩ አሰመረችበት።

በበዓሉ ቀን ግቢው በሰው ሞላ። ከየቀበሌው የመጡ ገበሬዎች፣ ነጋዴዎች፣ ከወረዳ የመጡ እንግዶች ዳስ ውስጥ ተቀምጠዋል። ባሏ ሰይድ ኮቱን ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ነበር። ዘይነባ ማይኩን ተቀበለችና ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ «አይ ስኮልድ ማይ ሀዝባንድ ፎር ሴንዲንግ ሚ ቱ ስኩል» አለች። አስተማሪዎቹ ተያዩ። ቀጠለች፤ መምህር አለሙንም ስላስተማራት ‹ስኮልድ› አለችው። ሦስተኛዋ፣ ስለረዳኋት፣ እኔ ነበርሁ። «አይ ስኮልድ ማይ ፍሬንድ ባንቺ ፎር ሄልፒንግ ሚ» አለችና ወደተቀመጥሁበት ዞራ ፈገግ አለችልኝ።

መድረክ መሪው አስተማሪ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ማይኩን ወሰደ። «ወላጆች፣ ባሌን ትምህርት ቤት ስለላከኝ እቆጣዋለሁ ነው ያለችው!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሰይድ አንገቱን ደፋ። ዘይነባ ወረቀቷን አየች፣ ሰዉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ፈገግታዋ ገና ከፊቷ አልጠፋም ነበር። መምህር አለሙ ፈጥኖ ወጣና «ማነው ይህን ቃል የሰጠሽ?» አላት። ሁላችንም ሰማን።

«ማንም» አለች። «እኔው ነኝ የተሳሳትሁ።»

ከክረምቱ በኋላ አልተመዘገበችም። የገበያ ልጆች በሱቋ በር ሲያልፉ «ስኮልድ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። እኔ ሱቋ እንዳይታየኝ በጓሮ መንገድ ዞሬ እሄዳለሁ። በዓመቱ ዕቃቸውን ጭነው ቡሬ ገቡ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ለማንም አልተናገርሁም።

ትናንት ቡሬ ሄድሁ። ሐያት ያን ጊዜ ጡት ያልጣለች ልጅ ነበረች፤ አሁን ከእናቷ የወረሰችው ግንባርና የረጋ አነጋገር አላት። ስሜን ስነግራት መቀሷን አስቀመጠች።

«ባንቺ? የጅጋዋ ባንቺ?» ከባንኮኒው ወጥታ አገላብጣ ሳመችኝ። «እማ ስለ እርስዎ ስታነሣ ነው የኖረች! የቤት ሥራችንን ሳታይ አታሳልፈንም ነበር። እንግሊዝኛውን ከየት አመጣሽው ስንላት፣ ባንቺ የምትባል ጓደኛዬ ናት ያስተማረችኝ ትለን ነበር።»

ሻይ አስመጣችልኝ። አንድ ጊዜ ፉት አልሁለት። ብርጭቆውን አስቀምጬ ከደብተሩ ቀን ጀምሬ ሁሉንም ነገርኋት። ልጅነቴን ምክንያት ላደርግ ፈልጌ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ተውሁት።

አንዲት ሴት ለነጠላ ጥለት ልትገዛ ገባች፤ ሐያት ተነሥታ አስተናገደቻት፤ መርቃ ሸኘቻት፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

«አባቴ ወደ ትምህርቱ ተመለሽ ብሎ ለምኗት ነበር» አለች። «‹ሰው ስቆብኝ አይደለም፤ ሱቁ በዝቶብኝ ነው› ትለው ነበር። እኛም ያንን አምነን ነው የኖርን።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት።

«እኔ ምን ብዬ? ለእሷ ነበር እንጂ።» ድምፅዋ አልተቆጣም፤ አልለዘበምም። «አራት እኅትማማቾች ነን። አራታችንንም አስተምራናለች፤ ትልቋ ዛሬ እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ነው የምንገናኝ። መጥተው ለእነሱም ራስዎ ይንገሯቸው። በእኔ አፍ አይሆንም።»

«እሺ» አልኋት።

እስከ በሩ ሸኘችኝ። መናኸሪያው ድረስ በእግሬ ሄድሁ፤ ባጃጆቹ ቢጠሩኝም አልገባሁም። እኅቶቿን አንዳቸውንም አላውቃቸውም። ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን፣ ከመካከላቸው ማን ቀድማ እንደምትናገር ሳስብ አድሬያለሁ።

ነገ ቅዳሜ ነው።